ፎቶው ዙም ሲደረግ መሃል ላይ አልቆም አለኝ (ስዊፍት፣ አይፎን)

ባለ አልበም፦
ሰላም ለሁላችሁ። የፎቶ ማሳያ አፕ እየሠራሁ ነው። ዩአይስክሮልቪው (ይዘት ስክሮልና ዙም የሚደረግበት ክፍል) ውስጥ አንድ ኢሜጅ ቪው (ፎቶውን የሚያሳየው ሳጥን) አለ። ተጠቃሚው በሁለት ጣቱ ዙም ያደርጋል፤ ዙሙ ራሱ ችግር የለበትም። ፎቶው ከስክሪኑ ሲያንስ ግን ወደ ላይኛው ግራ ጥግ ሄዶ ይለጠፋል። የኢሜጅ ቪውን ሴንተር ከስክሮል ቪው ሴንተር ጋር እኩል ሳደርገው መጀመሪያ መሃል ይገባል፤ ዙም ሲነካ ግን ዘሎ ይሄዳል። ፎቶው 3000 በ2000፣ ስክሪኑ 390 በ844 ነጥብ ነው። እስቲ አንድ በሉኝ።

ፈጣን መልስ፦
ይሄማ ቀላል ነው። ኢሜጅ ቪውን የስክሪኑን ያህል አድርገውና ኮንቴንት ሞዱን (ፎቶው ሳጥኑ ውስጥ የሚገባበትን መንገድ) አስፔክት ፊት (ሳይቆረጥና ሳይዛባ ይግባ) በለው። ራሱ መሃል ያስገባልሃል።

ሰማያዊ ስክሪን፦
ዙም እስኪደረግ ድረስ ብቻ ነው እሱ የሚያምረው። ከፎቶው በላይና በታች የሚቀረው ባዶ ቦታም የኢሜጅ ቪው አካል ነው፤ አብሮ ይተልቃል። በዚህ ፎቶ ከላይ 292 ነጥብ ባዶ ይቀራል። ሦስት እጥፍ ዙም ሲደረግ 876 ይሆናል። ከስክሪኑ ቁመት ይበልጣል! ተጠቃሚው ወደ ላይ ስክሮል ካደረገ ባዶ ነገር ላይ አፍጥጦ ይቀራል።

ኢሜጅ ቪው የፎቶውን ትክክለኛ መጠን ይያዝ፣ 3000 በ2000። ኮንቴንት ሳይዙም (ስክሮል የሚደረገው ይዘት መጠን) እንደዚያው። ከዚያ ትንሹን የዙም ስኬል (ፎቶው በስንት እጥፍ እንደሚታይ) አስላ፦ 390 ለ3000 ሲካፈል 0.13፣ 844 ለ2000 ሲካፈል 0.422። ትንሹን ውሰድ፣ 0.13። ሚኒመምዙምስኬልም የመነሻው ዙምስኬልም እሱ ነው።

አሁን ወደ መሃሉ ጉዳይ። ስክሮል ቪው ይዘቱን የሚጀምረው ከዜሮ ነጥብ ነው፣ ከላይ ግራ። ይዘቱ ካነሰ መሃል የማስገባት ግዴታ የለበትም። ሴንተሩን በእጅህ ስታስተካክል ደግሞ ዙሙ ከሚሠራው ስሌት ጋር ትጣላለህ፤ የሚዘለውም ለዚያ ነው። ፎቶውን ተወውና ዙሪያውን ክፍተት ስጠው፣ ማለትም ኮንቴንት ኢንሴት። ለላይና ለታች፦ ከስክሮል ቪው ቁመት የኮንቴንት ሳይዙን ቁመት ቀንስ፣ ለሁለት አካፍል፣ ከዜሮ ካነሰ ዜሮ በለው። ለግራና ለቀኝ በስፋቱ እንዲሁ።

በ0.13 ፎቶው 390 በ260 ይሆናል፤ ከ844 ላይ 260 ሲነሳ 584፣ ግማሹ 292። ዙሙ 0.3 ሲደርስ ቁመቱ 600 ነው፤ ክፍተቱ ወደ 122 ይወርዳል። ከ0.422 በላይ ዜሮ ይሆንና ስክሮሉ እንደወትሮው ይቀጥላል።

ስሌቱን አንድ ፈንክሽን ውስጥ አድርገውና ከዴሌጌቱ (ስክሮል ቪው የሚሆነውን ከሚያሳውቀው ኮድ) ስክሮልቪውዲድዙም ጥራው። እሱ በእያንዳንዱ የጣት እንቅስቃሴ ስለሚጠራ ፎቶው ሳይንቀጠቀጥ ይከተላል። ዙሙ ካለቀ በኋላ በሚጠራው ውስጥ ካስገባኸው ግን ፎቶው መጨረሻ ላይ ድንገት ይዘላል።

ባለ አልበም፦
ኧረ ተባረክ! ዙሙ ላይ ልክ ገባ። ሁለት ነገር ቀረኝ። ስከፍተው ከመሃል ትንሽ ዝቅ ይላል። ስልኩን ሳዞረው ደግሞ ሁሉ ነገር ይበላሻል።

ሌሊት ኮደር፦
ዝቅ ያለው ሴፍ ኤሪያው (በባሮች የማይሸፈነው የስክሪን ክፍል) ነው የሚሆነው። ከአይኦኤስ 11 ጀምሮ ስክሮል ቪው ለናቪጌሽን ባሩና ለላይኛው ክፍል የራሱን ክፍተት ይጨምራል፤ ያንተ 292 ላይ ይደመራል ማለት ነው። ኮንቴንትኢንሴትአድጀስትመንትቢሄቪየርን ኔቨር አድርገው። ከዚያም ወዲያ ሲከፈት ቦታውን ካልያዘ ኮንቴንት ኦፍሴቱን (ይዘቱ የተንሸራተተበትን ልክ) በላይኛውና በግራው ክፍተት ልክ ኔጌቲቭ ስጠው።

ማዞሩ ላይ፣ ስኬሉን ቪውዲድሎድ (ገጹ ሲጫን የሚጠራው) ውስጥ አስልተኸው ከሆነ ገና መጠኑ አልተወሰነም። ቪውዲድሌይአውትሰብቪውስ (ቪዎቹ ከተደረደሩ በኋላ የሚጠራው) ውስጥ አስላው፤ የስክሮል ቪው መጠን ሲቀየር ብቻ ግን። ይሄን አትዝለል! ስክሮል ቪውህ የገጹ ዋና ቪው ከሆነ ያ ፈንክሽን ስክሮል በተደረገ ቁጥር ይጠራል። ሳትፈትሽ ዙምስኬሉን ከመለስከው ተጠቃሚው ያጎላውን በየቅጽበቱ ታጠፋበታለህ። የድሮውን መጠን አስቀምጥ፣ ከአዲሱ ጋር አወዳድር፣ እኩል ከሆኑ ተመለስ።

ስልኩ ሲዞር ስክሪኑ 844 በ390 ስለሚሆን ትንሹ ስኬል 0.195 ይመጣል። ፎቶው በትንሹ ስኬል ላይ ከነበረ ወደ አዲሱ ትንሽ ውሰደው። አጉልቶት ከነበረና ከ0.195 በላይ ከሆነ አትንካው።

ፈጣን መልስ፦
ኢንሴት ካልወደድክ ዩአይስክሮልቪውን ሰብክላስ አድርግና (ከእሱ የራስህን ዓይነት ፍጠርና) ሌይአውትሰብቪውስ ውስጥ የፎቶውን ፍሬም (ቦታና መጠን) መነሻ አስተካክል። እሱም ይሠራል፣ እኔ እንዲያውም ይቀለኛል።

ሰማያዊ ስክሪን፦
ልክ ነው፤ አንዱን ብቻ ምረጥ እንጂ። ሁለቱን ካደባለቅህ ክፍተቱ እጥፍ ይሆናል።

ሌላም አለ። በዚያው ኢሜጅ ቪው ላይ አዲስ ፎቶ የምትጭን ከሆነ መጀመሪያ ዙምስኬሉን ወደ 1 መልስ። ዙሙ የሚሠራው በትራንስፎርም (ቪውን በሚያጎላና በሚያሳንስ ስሌት) ነው፤ ትራንስፎርም እያለ ፍሬም ከቀየርክ መጠኑ ይዛባል።

ባለ አልበም፦
ኢንሴቱን ይዣለሁ። ኔቨር ካልኩት በኋላ አከፋፈቱ ተስተካክሏል፣ ሲዞርም መሃሉን አይለቅም። አዲስ ፎቶ ስጭን መጠኑ ለምን እንደሚዛባ ልጠይቅ ነበር፣ ቀደማችሁኝ።