የእናቴን ቡፌ ልጣለው ወይስ ላድሰው?

ከካልጋሪ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ለጥምቀት ጎንደር ልሄድ ነው። እማየ ቤት ያሉት ቡፌና ቁም ሳጥን ቫርኒሻቸው ተላልጧል፤ መሳቢያው ካልታገሉት አይከፈትም። አዲስ ልግዛልሽ ስላት «ተይ ልጄ፣ አባትሽ በዋንዛ ያሠራው ነው» አለችኝ። ራሴ ላድሰው እችላለሁ? ከዚህስ ምን ይዤ ልሂድ?

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

እህቴ፣ እናትሽ እውነታቸውን ነው። እባክሽ አታስጥያቸው። ዛሬ በየሱቁ የምናየው ብዙው ዕቃ ቺፑድ ወይም ኤምዲኤፍ፣ ማለትም ተፈጭቶ በሙጫ የተጨመቀ እንጨት ነው። የእንጨት መልክ ያለው ስስ ሽፋን ተለጥፎበታል። ውሃ ከገባበት ያብጣል፣ ይፈረፈራል። ዋንዛ ግን እስከ ውስጡ ዋንዛ ነው። ላዩን ስትፍቂው ከሥሩ ያው እንጨት ይወጣል።

እኔ ሙያውን የለመድኩት እዚህ ነው። እንደመጣሁ ቤቴ ባዶ ነበር። ሰው ደጃፉ ላይ ያወጣውን የምግብ ጠረጴዛ አንስቼ በረንዳ ላይ ፈግፍጌ ቀባሁት። ልጆቼ እስከ ዛሬ የሚያጠኑት እሱ ላይ ነው። አሜሪካ ያላችሁ ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። እርሳስ (ሊድ የሚባለው ብረት) ያለበት የቤት ቀለም እዚህ የተከለከለው በ1978 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው። ከዚያ በፊት የተቀባ ዕቃ ከሆነ በደረቁ አትፈግፍጉት። አቧራው ለሕፃናት መርዝ ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት ደግሞ አራዳ፣ አያቶቼ ቤት ያለውን ቁም ሳጥን አደስኩ። እዚያ የተማርኩትን ልንገርሽ።

ብርጭቆ ወረቀት ከማንሳትሽ በፊት እጠቢው። ለብ ባለ ውሃና በጥቂት ላርጎ ጨርቅ ነክረሽ፣ ጨምቀሽ ጥረጊው። የስንት ዓመት የቡና ጭስ፣ የእጣን ጭስ፣ የቅቤ እጅ ነው የሚለቀው። ቅባቱ ካልለቀቀ ወረቀቱ ቶሎ ይደፈናል፤ ቫርኒሹም አይዝልሽም።

ሲደርቅ ከ80 ቁጥር ጀምሪ። ከዚያ 120፣ መጨረሻ ላይ 220። ቁጥሩ ሲያንስ ሻካራ ነው። ሁልጊዜ በእንጨቱ መስመር ሂጂ። አግድም ከሄድሽ ጭረቱ መጀመሪያ አይታይም፣ ማቅለሚያው (እንጨቱ ውስጥ ሰርጎ መልኩን የሚቀይረው ፈሳሽ) ሲነካው ግን ቁልጭ ብሎ ይወጣል። ጭምብል አድርጊ።

አሁን ወደ ቀለሙ። ዋንዛን በቀለም አትሸፍኚው። ይህን አጥብቄ ነው የምለምንሽ። የተፋቀውን ቦታ በእርጥብ ጨርቅ ንኪው። የምታዪው መልክ በቫርኒሽ ብቻ የሚሰጥሽ መልክ ነው ማለት ይቻላል። ቡናማው ደስ ካለሽ ማቅለሚያ እንኳ አያስፈልገውም። የተተካ እንጨት ካለበትና መልኩን ማስማማት ከፈለግሽ ማቅለሚያውን መጀመሪያ ከሥሩ፣ ሰው በማያየው ቦታ ሞክሪ። ማቅለሚያ እንጨቱ ውስጥ መግባት አለበት፤ አሮጌ ቫርኒሽ ላይ ከቀባሽው አይያዝም። የባሕር ዛፍ መደርደሪያ ወይም ብዙ ቦታ የተጠጋገነ በርጩማ ከሆነ ቀለም ጥሩ ነው። ቀዳዳውን በስቱኮ ሞልተሽ፣ ፈግፍገሽ ቅቢው።

የጥር ፀሐይ ያታልላል። እኔ ቶሎ ይድረቅ ብዬ ፀሐይ ላይ አውጥቼ ቫርኒሽ ቀባሁት። ላዩ አረፋ አወጣ። አቧራውም ተለጠፈበት። እንደገና ፋቅኩት። በማግስቱ ግቢውን ውሃ ረጭተን፣ አቧራው ሲበርድ፣ ጥላ ውስጥ ቀባን። ስስ አድርገሽ ሦስት ጊዜ ቅቢ። በየመሃሉ በደንብ ይድረቅ፣ በ220 ዳሰስ ዳሰስ አድርጊውና አቧራውን ጥረጊ።

መሳቢያው ላይ ጉልበት አትጨርሺ። የሚንሸራተትበትን ጠርዝ ፍቀሽ ጧፍ እሺው። ሰሙ ይበቃዋል።

ሻንጣሽ ውስጥ ብርጭቆ ወረቀት፣ ጥሩ ብሩሽና ጭምብል ያዢ። ቲነር፣ ቫርኒሽና ዘይት ነክ ማቅለሚያ ግን ተቀጣጣይ ስለሆኑ አውሮፕላን ላይ አይጫኑም። እነሱን እዚያው ግዢ። ስትቀቢ የቡናው ምድጃ ከአጠገብሽ ይራቅ። ማቅለሚያ የጠረግሽበትንም ጨርቅ ጠቅልለሽ አትጣይው። ዘይቱ ሲደርቅ ይሞቃልና ራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ውጭ ዘርግተሽ አድርቂው።

አንድ ነገር ደግሞ። የኛ ቁም ሳጥን በር ውስጡ ላይ አያቴ የልጆቻቸውን የልደት ቀን በእርሳስ ጽፈው አገኘሁ። እዚያ ቦታ ላይ ወረቀት አላሳረፍኩም። አንቺም ከመፋቅሽ በፊት በሮቹን ሁሉ ከፍተሽ እዪ።

ከካልጋሪ፦

ኧረ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እማየን ደውዬ በሮቹን ክፈቺልኝ አልኳት። ጽሑፍ የለም፤ ግን አንዱ እግር በነቀዝ ተበሳስቷል አለችኝ። ሙሉው ይበላሻል?

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

አይዞሽ። ዱቄቱን ጠርገው ከእግሩ ሥር ነጭ ወረቀት ያንጥፉበት። ከጥቂት ቀን በኋላ አዲስ ዱቄት ከወረደ ነቀዙ ገና አለ ማለት ነው። ያን ጊዜ አናጢ ጠርተሽ ያን እግር ብቻ አስቀይሪ። አሮጌውን ቤት ውስጥ አታቆዩት። ካልወረደ ግን ቀዳዳውን በስቱኮ ድፈኚውና ሥራሽን ቀጥዪ።