ለጥሩ ድምፅ የትኛውን ማጫወቻ ልግዛ ላላችሁኝ

በአንድ ሳምንት ውስጥ ሦስት ሰው ያንኑ ጥያቄ ጠየቀኝ። አንዷ የአክስቴ ልጅ ናት፣ ከአያት ሜክሲኮ በየቀኑ የምትመላለስ። ሌላው የሥራ ባልደረባዬ ነው። ሦስተኛው የአባቴ ጓደኛ፣ ጋሼ የምላቸው ሰው ናቸው። ሦስቱም የሚፈልጉት በኪስ የሚያዝ፣ ዘፈን በጥራት የሚያሰማ ነገር ነው። ለየብቻ ከማወራ እዚህ ልጻፈው፣ ሌላም የሚፈልግ አይጠፋም።

ስለ ማጫወቻው ከማውራታችን በፊት ግን ፋይሉን እንይ። ያለዚያ ብሩ በከንቱ ነው የሚወጣው። የብዙዎቻችን የዘፈን ክምችት ከየት መጣ? ሚሞሪ ከሚሞሉ ቤቶች ነው። ካርዱን ሰጥተን፣ ማኪያቶ ጠጥተን ስንመለስ ሙሉ ሆኖ ይጠብቀናል። ፈጣን ነው፣ ርካሽም ነው። ዘፋኙ ግን ከዚያ ሳንቲም አያገኝም፣ ድምፁም ብዙ ጊዜ የተጎዳ ነው። አንዱ ዘፈኑን ከዩቲዩብ ያወርዳል፣ ወደ ኤምፒ3 ይቀይረዋል፣ ሌላው ደግሞ ቦታ እንዳይዝ ብሎ እንደገና ይጨምቀዋል። በተጨመቀ ቁጥር የሚጠፋ ነገር አለ። የጠፋው ደግሞ አይመለስም፣ ስሙ ላይ የኤምፒ3 ከፍተኛው ጥራት የሆነው 320 ተብሎ ቢጻፍም።

ቁጥሩን ላስቀምጠው። ሲዲ ላይ ያለ ድምፅ በሰከንድ 1,411 ኪሎቢት ነው። 128 የሚባለው ኤምፒ3፣ ማለትም በሰከንድ 128 ኪሎቢት የሆነው፣ የዚያ አንድ አሥራ አንደኛ ነው። አራት ደቂቃ የሚፈጅ ዘፈን ከሲዲ እንዳለ ሲገለበጥ 42 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል፣ በ128 ኤምፒ3 ደግሞ 4 የማትሞላ። ፍላክ የሚባለው የፋይል ዓይነት መካከል ላይ ነው። ከሲዲው ምንም ሳይጥል ያጥፈዋል፣ አንድ ዘፈን 25 ሜጋባይት አካባቢ ይሆናል። ባለ 128 ጊጋ ካርድ በዚህ ስሌት ወደ 5,000 ዘፈን ይይዛል፣ ስለዚህ ቦታ ለመቆጠብ ብሎ ድምፅ መጉዳት ዛሬ ምክንያት የለውም። በትክክል ከሲዲ የተሠራ 320 ኤምፒ3 ካላችሁ ግን አትጣሉት። እኔ ራሴ ከፍላክ ለመለየት ጸጥ ያለ ክፍል ውስጥ መቀመጥ አለብኝ፣ ያኔም ብዙ ጊዜ አልለየውም።

128ቱን ለመለየት ግን ዋሽንት ያለበት ዘፈን ይበቃል። በጥሩው ፋይል ላይ ነፊው ትንፋሽ ሲስብ፣ ከንፈሩ ከሸምበቆው ሲላቀቅ ይሰማል። በተጎዳው ላይ ያቺው ትንፋሽ ፌስታል ሲጨመደድ የሚያሰማውን ዓይነት ድምፅ ትሆናለች። ክራርም እንዲሁ ነው። ጣት ክሩን ሲመታ የምትሰማው የመጀመሪያዋ ምት ስለቷ ይዶለዱማል። ኮምፒውተር ያላችሁ ስፔክ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ጫኑና ዘፈኑን ጎትታችሁ ጣሉበት። ድምፁን በቀለም ያሳያችኋል። በ128 የተጨመቀ ፋይል አብዛኛውን ጊዜ 16 ኪሎኸርዝ አካባቢ ሲደርስ በመቀስ እንደተቆረጠ ቀጥ ብሎ ያቆማል። 320 ነው የተባላችሁት እዚያ ላይ ከቆመ ከታናሹ ተቀይሮ የመጣ ነው ብላችሁ ጠርጥሩ።

ጥሩ ፋይል ከየት ይገኛል? በቤታችሁ የተቀመጡ ኦሪጅናል ሲዲዎች ካሉ ከእነሱ ጀምሩ። በዩኤስቢ የሚሰካ የሲዲ ማንበቢያ ተዋሱና አንድ ቅዳሜ ስጡት፣ ወደ ፍላክ ገልብጡ። የድሮ አልበሞቻችን አንዳንዶቹ እንደገና ታትመው ባንድካምፕ የሚባል ድረ ገጽ ላይ በፍላክ ይሸጣሉ፣ ውጭ ያለ ዘመድ በካርዱ ይከፍልላችኋል። እንደ አውታርና ሰዋሰው ያሉትን የአገር ቤት መተግበሪያዎች የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ማጫወቻው አንድሮይድ መሆን አለበት። ቁልፍ ብቻ ያላቸው ትንንሾቹ መተግበሪያ አይጭኑም። ይህን ሳያጣራ ገዝቶ የተቸገረ ሰው አውቃለሁ።

ወደ አክስቴ ልጅ ልምጣ። እሷ የምትሰማው በብሉቱዝ ኢርፎን ነው። ለሷ የመለስኩላት፦ ማጫወቻ አትግዢ። ምክንያቱን ብዙ ሰው ስለማያውቀው ላብራራው። የማጫወቻዎቹ ዋጋ የሚወደደው ውስጣቸው ባለው ዳክ ነው፣ ማለትም ፋይሉን ወደሚሰማ ድምፅ በሚቀይረው ክፍል። በብሉቱዝ ስትሰሙ ግን ያ ሥራ የሚሠራው ጆሯችሁ ላይ ባለው ኢርፎን ውስጥ ነው። የማጫወቻው ዳክ ቁጭ ብሎ ይውላል። ኤልዳክ የሚባለው የብሉቱዝ አሠራር በሰከንድ እስከ 990 ኪሎቢት ስለሚያሳልፍ ከሌሎቹ ይሻላል፣ እሱም ቢሆን ስልኩም ኢርፎኑም ካወቁት ነው፣ አይፎን ደግሞ አያውቀውም። ለሷ ያልኩት ባለ ገመድ ኢርፎንና ታይፕ ሲ ላይ የምትሰካ ትንሽ አዳፕተር ነው። የአፕል አዳፕተር አሜሪካ ውስጥ 9 ዶላር ነው። ከዋጋዋ በላይ የምትሠራ ዕቃ ናት፣ ድምፅዋ ንጹሕ ነው። አንድ እንከን አላት፣ ብዙ አንድሮይድ ስልኮች ላይ ስትሰካ ድምፅዋ ያንሳል። አንድሮይድ ከያዛችሁ ፊዮ የሚባለው ኩባንያ የሚሠራውን ኬኤ11 ወይም መሰሉን ፈልጉ። የትኛውም ይሁን ሱቁ ውስጥ በራሳችሁ ስልክ ሰክታችሁ ሳትሰሙ አትክፈሉ፣ አፕል የሚል ጽሑፍ ብቻ የተለጠፈባቸው ብዙ ናቸው።

ባልደረባዬ ሌላ ዓይነት ሰው ነው። ማታ ሲገባ መብራት አጥፍቶ አልበም ከዳር እስከ ዳር የሚሰማ፣ ፍላኮቹን በአቃፊ በአቃፊ ያደራጀ። ለሱ ሁለት ምርጫ ሰጠሁት።

አንደኛው የሶኒ ዎክማን ኤንደብሊው-ኤ306 ነው። ዎክማን የሚለው ስም እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ ያለ ነው፣ ያኔ የካሴት ነበር። ይሄኛው አንድሮይድ ነው፣ ስክሪኑ 3.6 ኢንች፣ ከሸሚዝ ኪስ ይገባል፣ ሚሞሪ ካርድም ይቀበላል። ድምፁ ለስላሳና ሞቅ ያለ ነው፣ ረጅም ሰዓት ቢሰማ አይደክምም። ዋጋው ውጭ አገር 350 ዶላር ገደማ ነው። እዚህ ብዙ ስለማይገኝ የሚመጣው በሰው ነው፣ ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ። ከአውሮፓ እንዲመጣላችሁ ካሰባችሁ ግን እወቁት፣ እዚያ የሚሸጡት ለጆሮ ጥበቃ ተብሎ ከፍተኛው ድምፃቸው የተገደበ ነው። ለትልልቅ ሄድፎንም ጉልበት የለውም። ባለ 300 ኦም ሄድፎን ያለው ሰው ይለፈው፣ የኦሙ ቁጥር ሲበዛ ሄድፎኑ የሚፈልገው ጉልበት ይጨምራል።

ሁለተኛው ምርጫ የኔ ምርጫ ነው፣ ያገለገለ ኤልጂ ስልክ። አትደንግጡ። ኤልጂ እ.ኤ.አ. በ2021 ከስልክ ሥራ ወጣ፣ ከዚያ በፊት የሠራቸው ቪ20 እና ቪ30 ግን ውስጣቸው ኳድ ዳክ የሚባል ለሙዚቃ ብቻ የገባ ክፍል አላቸው። የገመድ ቀዳዳ አላቸው፣ ካርድ ይቀበላሉ፣ ፊደላችንንም እንደማንኛውም አንድሮይድ ያነባሉ። ሲም ሳታስገቡ ዋይፋይ ብቻ እየተጠቀማችሁ ማጫወቻ ታደርጉታላችሁ። እኔ ሦስተኛ ዓመቴን ያዝኩበት። ኢርፎኑን ሰክታችሁ ሴቲንግ ውስጥ ሃይፋይ ኳድ ዳክ የሚለውን ካላበራችሁት ግን እንደ ተራ ስልክ ነው የሚያሰማው። ብዙ ሰው ሳያበራው ሰምቶ "ምኑ ነው የተለየው?" ይላል። ሌላም አላት፣ የተሰካው ሄድፎን ከ50 ኦም በላይ ከሆነ ራሷ አውቃ ጉልበት ትጨምራለች። ባልደረባዬ የራሱን ትልቅ ሄድፎን ሰክቶ የሰማ ቀን አንድ ዘፈን ሳያልቅ ሌላ አልከፈተም። እስኪያልቅ ዝም ብሎ ሰማ፣ ከዚያ "ባሱ ውስጥ ሁለት ክር እኮ ነው የሚመታው" አለኝ። ያንን ዘፈን ሃያ ዓመት ሙሉ የሚያውቀው ሰው ነው።

ስትገዙ ማየት ያለባችሁ ባትሪውንና ስክሪኑን ነው። የቪ20 ባትሪ ክዳኑ ተከፍቶ ይወጣል፣ ይቀየራል። የቪ30 ግን ባለሙያ ይፈልጋል። ቪ30ን ነጭ ገጽ ከፍታችሁ እዩት፣ የድሮ ምስል ጥላ የቀረበት ብዙ ነው። ለሙዚቃ ችግር የለውም፣ ዋጋ ለማስቀነስ ግን ይጠቅማችኋል። አንድሮይዱ የድሮ ስለሆነ የምትፈልጉት መተግበሪያ መጫኑን እዚያው ሻጩ ፊት ሞክሩ። ዋጋ በብር አልጽፍም፣ ከሐምሌ 2016 ወዲህ ምንዛሪው ሲለዋወጥ ዛሬ የጻፍኩት ነገ አይሠራም። መርካቶ ጠይቃችሁ፣ መገናኛ ዘፍመሽ ደግማችሁ፣ ቴሌግራም ላይ ያለውን አይታችሁ አወዳድሩ።

የአፕሉን ማጫወቻ አይፖድን ለሚሉም ባጭሩ። ክላሲክ የሚባለው ዓይነት እ.ኤ.አ. በ2014 ቆመ፣ አይፖድ በጠቅላላ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2022። ክላሲኩ ጥሩ ድምፅ አለው፣ ግን ፍላክ አይከፍትም፣ ሮክቦክስ የሚባለውን ፕሮግራም ካልጫናችሁበት። ባትሪውም ሽማግሌ ነው። ከወንድም ወይም ከእህት ከተወረሰ ተጠቀሙበት፣ ፈልጎ ለመግዛት ግን አልመክርም።

ጋሼ ናቸው ከሁሉም ያስቸገሩኝ። መጀመሪያ የራሴን ስልክ አስያዝኳቸው። አውራ ጣታቸውን ሦስት ጊዜ ስክሪኑ ላይ አሳረፉ፣ አልከፈተም። "ልጄ፣ ይሄ ነገር ጣቴን አይሰማውም" አሉኝ። የሚፈልጉት እንደ ቴፕ ተጭነውት ቀጭ የሚል ነገር ነው። ከዚህ በፊት ገዝቼላቸው የነበረችው ትንሽ ማጫወቻ ቁልፍ ነበራት፣ ግን ፊደላችንን አታነብም። ትዝታ ብዬ የጫንኩላቸው ዘፈን ሦስት ባዶ ሳጥን ሆኖ መጣ። መቶ ሃያ ዘፈን፣ ሁሉም ሳጥን በሳጥን። እሳቸው እየቆጠሩ "አራት ሳጥን ያለው የቱ ነበር?" እያሉ ይፈልጉ ነበር፣ ልቤን ነው የነካኝ። አንድ ምሽት ሙሉ ተቀምጬ ስማቸውን በላቲን ፊደል ጻፍኩት።

አሁን ለሳቸው ያሰብኩት የፊዮ ስኖውስካይ ኢኮ ሚኒ ነው። የካሴት ማጫወቻ መልክ አለው፣ እውነተኛ ቁልፎች አሉት፣ ፍላክ ይከፍታል፣ እስከ 256 ጊጋ ካርድ ይቀበላል። ዋጋው ውጭ 60 ዶላር አካባቢ ነው፣ በዚህ ዋጋ ድምፁ በጣም ጥሩ ነው። ዋይፋይ የለውም፣ መተግበሪያ የለውም። ለጋሼ ይሄ ጥቅም ነው፣ የሚያዘናጋ ነገር የለም። የ4.4 ሚሊሜትር ቀዳዳም አለው፣ ለሱ ብላችሁ አዲስ ገመድ አትግዙ፣ የተለመደው 3.5 ይበቃል።

ካርዱን ተጠንቀቁ። እኔ አንድ ሱቅ 256 ጊጋ ብሎ የሸጠኝን ካርድ በፍላክ ሞላሁት። አቃፊዎቹ ሁሉ ይታያሉ፣ ስማቸውም መጠናቸውም አለ። ግማሹ ግን ሲከፈት ጸጥ ይላል። ካርዱ ውስጡ ትንሽ ሆኖ ትልቅ ነኝ እንዲል ተደርጎ የተሠራ ነበር። ከሲዲ የገለበጥኳቸውንም ኮምፒውተሩ ላይ ቅጂ ሳላስቀር አጥፍቻቸው ስለነበር እንደ አዲስ ጀመርኩ። ኤችቱቴስትደብሊው (H2testw) የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፣ ካርዱን ሞልቶ መልሶ ያነበዋል። ለትልቅ ካርድ ሰዓታት ይፈጃል፣ ማታ ለቃችሁት ተኙ። ይህን ሳታደርጉ አንድም ዘፈን አትጫኑበት።

ኢርፎን ላይ ብዙ አልልም፣ ግን ለማጫወቻ ከምታወጡት ያላነሰ ለሱ መድቡ። ታክሲ ውስጥ ለሚሰማ ጆሮ ውስጥ የሚገባ ይሻላል፣ የውጭውን ጫጫታ ስለሚዘጋ ድምፅ መጨመር አያስፈልግም። ሙንድሮፕ ቹ በትንሽ ገንዘብ ጥሩ ነው። ቤት ውስጥ ለሚሰማ ኮስ ፖርታ ፕሮ የሚባለው ሄድፎን አለ፣ እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ መልኩ ሳይቀየር የሚሠራ፣ ቀላል፣ ጆሮ የማያሞቅ። ጆሮ ውስጥ የሚገባውን ስትገዙ ሣጥኑ ውስጥ ያሉትን ጎማዎች ሁሉ ሞክሩ። ባስ የለውም ተብሎ የሚመለሰው ኢርፎን ብዙ ጊዜ ችግሩ ጎማው ጆሮውን አለመድፈኑ ነው። የኔ ቀኝ ጆሮ መካከለኛውን፣ ግራው ትልቁን ነው የሚፈልገው።

ሱቅ ስትሄዱ የራሳችሁን ኢርፎንና ሦስት ዘፈን ያለበት ካርድ ያዙ። አንዱ ዋሽንት ወይም ማሲንቆ ያለበት፣ አንዱ ባንድ የተጫወተው፣ አንዱ ድምፅ ብቻ ጎልቶ የሚሰማበት ይሁን፣ መዝሙርም ይሆናል። የፋይሎቹን ስም በአማርኛ ጻፉት። ሻጩ ፊት ክፈቱት፣ ስማቸው ሳጥን ሆኖ ከመጣ ዕቃውን መልሱለትና ቀጣዩን ሱቅ ሞክሩ።