ፎቶ ሻርፕ ሲደረግ (ጥርት ብሎ እንዲታይ ሲስተካከል) ጠርዙ ላይ የሚወጣው ነጭ መስመር ከምን ይመጣል?

የሐይቅ ዳር፦
ጤና ይስጥልኝ። ነዋሪነቴ ሐዋሳ ነው። በቅርቡ ማለዳ ላይ አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ወርጄ፣ ጀልባዎቹ አጠገብ ቆሞ የዓሣ ትርፍራፊ የሚጠብቅ አንድ አባ ኮዳ የተባለ ትልቅ ወፍ አነሣሁ። ከኋላው ሐይቁ ጉም ለብሶ ስለነበር ምስሉ ደብዘዝ አለብኝ። ስለዚህ ላይትሩም በተባለው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ውስጥ ክላሪቲውን 60፣ የሻርፕኒንጉን አማውንት (ብርታቱን) 110፣ ራዲየሱን 2.5 አደረግሁት። በስልኬ ሳየው አምሮ ነበር፤ በትልቁ ሳሳትመው ግን የወፉን ራስና ጀርባ ነጭ መስመር ከቦት፣ ጉሙም አሸዋ የተበተነበት መስሎ ወጣ። ያተመልኝ ቤት ችግሩ ከፋይሉ ነው ብሎኛል። የቱ ላይ እንደተሳሳትኩ ብታስረዱኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ጥቁር ክፍል፦
ወንድሜ፣ ችግሩ በእርግጥም ከፋይሉ ነው። ሻርፕኒንግ ካሜራው ያልያዘውን ዝርዝር አይፈጥርም። ፕሮግራሙ ምስሉን ከራሱ የደበዘዘ ቅጂ ጋር እያነጻጸረ፣ ጨለማና ብርሃን በሚገናኙበት ጠርዝ ላይ ብሩሁን ወገን ይበልጥ ያበራዋል፣ ጥቁሩን ይበልጥ ያጠቁረዋል፤ ዓይናችንም ይህን እንደ ጥራት ይቀበለዋል። በፊልም ዘመን በጨለማ ክፍል ከኔጌቲቩ ላይ ሆን ተብሎ የደበዘዘ ፖዘቲቭ ይሠራና ሁለቱ ተደራርበው ይታተሙ ነበር፤ የፎቶሾፑ «አንሻርፕ ማስክ» ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው።

ራዲየስ ማለት ይህ ለውጥ ከጠርዙ ምን ያህል እንደሚርቅ የሚወስን ልክ ነው። እንደ ላባ ላለ ደቃቅ ነገር 2.5 ሰፊ ነው፤ ጥቁር ጀርባ ነጣ ካለ ጉም ጋር ሲገናኝ ደግሞ መስመሩን የሚሸሽገው ነገር የለም። ክላሪቲም በጣም በሰፋ ራዲየስ የሚሠራ የዚያው ዘመድ ስለሆነ፣ በመስመሩ ላይ ሌላ ጸዳል ደርቦበታል።

ራዲየሱን ወደ 0.8 ወይም 1.0፣ አማውንቱንም ወደ 50 ገደማ ይመልሱት። ከዚያ አልት የሚለውን ቁልፍ ተጭነው «ማስኪንግ» የሚለውን ይግፉት። ምስሉ ጥቁርና ነጭ ይሆናል፤ ሻርፕ የሚደረገው ነጭ ሆኖ የሚታየው ብቻ ነው። ጉሙ ሙሉ በሙሉ እስኪጠቁር፣ የአንገቱ ፀጉርና የመንቆሩ ሻካራነት ብቻ ነጭ ሆነው እስኪቀሩ ይግፉት። አሸዋ የመሰለው ኖይዝ (ምስሉ ላይ ያለው ደቃቅ ነጠብጣብ) የጎላው ማስኪንጉ 0 ላይ ስለቀረ ይመስለኛል። ይህን ሁሉ ምስሉን 100 ፐርሰንት አድርገው እያዩ ይሥሩት፤ የስልክ ስክሪን ምስሉን ስለሚያሳንሰው መስመሩን ይደብቀዋል።

ታቦር ሥር፦
በተባለው እስማማለሁ፤ ክላሪቲውን በተመለከተ ግን አንድ ነገር ልጨምር። ጉሙ የዚያ ጠዋት መልክ ነውና እባክዎ አይንኩት። ከመላው ምስል ላይ ክላሪቲውን አንሥተው፣ በብሩሽ ወፉ ላይ ብቻ 20 ያህል ይስጡት። ለላባው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2019 ላይትሩም ላይ የመጣው «ቴክስቸር» ይሻላል፤ መካከለኛ መጠን ባላቸው ዝርዝሮች ላይ ስለሚያተኩር ጠርዙን ያን ያህል አያበራውም። ፎቶሾፕ ካለዎት፣ ከምስሉ በላይ በሚደረብ ቅጂ (ሌየር) ላይ አንሻርፕ ማስክን በአማውንት 15 ፐርሰንት፣ በራዲየስ 50 ፒክስል ይሞክሩት፤ የሌየሩን መደባለቂያ ስልት (ብሌንድ ሞድ) «ሉሚኖሲቲ» ካደረጉት ቀለሙ አይዛባም፣ ክንፉም ጥልቀት ያገኛል።

ቀለም ወረቀት ላይ ትንሽ ስለሚሰራጭ ኅትመት ከስክሪን ጥቂት የበለጠ ሻርፕኒንግ ይፈልጋል። ያ ግን መጠኑ ከተስተካከለ በኋላ፣ በመጨረሻ የሚደረግ ነው። ሙሉውን ከማሳተምዎ በፊት የወፉን ራስ ብቻ በመጨረሻው መጠን ቆርጠው፣ በ10 በ15 ሴንቲ ሜትር ወረቀት ያሳትሙ።

የሐይቅ ዳር፦
ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ራዲየስ 0.9፣ ማስኪንግ 75 ላይ ጉሙ ጠቆረ። ራሱን ብቻ አሳትሜ በመስኮት ብርሃን ሳየው ነጩ መስመር የለም፤ አንገቱ ላይ ያሉት ቀጫጭን ፀጉሮች አንድ በአንድ ይለያሉ። ክንፉ ከጀልባው እንጨት ጋር በሚገናኝበት ቦታ ግን በስክሪኑ ላይ ስስ ጸዳል ይታየኛል፤ ብሩሼ ከወፉ አልፎ እንጨቱን ስለነካ ነው። እዚያ ላይ ብሩሹን አጥፍቼ ሙሉውን ነገ አሳትመዋለሁ።