ከሥነ ምግብ ወደ ዘላቂ የምግብ ሥርዓት ጥናት፦ ከየት ልጀምር?

ጠያቂዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። በሥነ ምግብ ማስተርሴን ልጨርስ ነው። ፒኤችዲዬን አመጋገብ በአካባቢ ላይ በሚያሳድረው ጫና ላይ መሥራት እፈልጋለሁ። «ጤናማና ዘላቂ አመጋገብ» የሚል ርዕስ ይዤ ስቀርብ አማካሪዬ «ይሄ የአንድ ሰው ዕድሜ አይበቃውም» አለኝ። የአካባቢ ሳይንስ አልተማርኩም። ሌላ ዲግሪ ልጀምር እንዴ?

ቆጣሪው፦ ኧረ በፍጹም! የሕይወት ዑደት ትንተና የሚባለውን (አንድ ምርት ከእርሻ እስከ ቆሻሻ በአካባቢ ላይ የሚያሳድረውን ጫና የሚቆጥር ስሌት) አንድ ኮርስ ውሰጂ፣ ይበቃሻል። ስለ ምግብ ልቀት፣ ማለትም ምግቡን በማምረትና በማቅረብ ስለሚወጣው የሙቀት አማቂ ጋዝ፣ የምናየው ቁጥር በአብዛኛው የሚመጣው ከዚያ ነው። ብቻ ቁጥሩ በምን ተካፍሎ እንደቀረበ ሁልጊዜ እዪ። ሰላጣ በኪሎ ሲሰላ ልቀቱ ትንሽ ነው። በካሎሪ ሲሰላ ግን ያን ያህል አያኮራም፤ አብዛኛው ውሃ ነዋ። የትኛው መለኪያ ለየትኛው ጥያቄ እንደሚሆን የሚፈርደው የሥነ ምግብ ሰው ነው። መሐንዲሶቹ ይቅር ይበሉኝና ብረትና ቢ12 ትዝ አይላቸውም።

መጠይቅ ያዥ፦ እኔ ደግሞ መረጃሽን አስቀድሚ እላለሁ። ከ10 የምግብ ምድቦች ቢያንስ 5ቱን በልታለች ወይስ አልበላችም የሚለው የሴቶች መለኪያ ለስብጥር ጥሩ ነው፤ መጠን ስለማይነግርሽ ግን ልቀት አታሰይበትም። ባለፉት 24 ሰዓታት ምን፣ ምን ያህል እንደተበላ የሚጠይቅ የ24 ሰዓት መጠይቅ ያስፈልግሻል። ሰው ዋናውን ምግብ ይነግርሻል፤ ዘይቱን፣ ሻይ ውስጥ የገባውን ስኳር፣ እየሠራ የቀመሰውን ይዘለዋል። ስለዚህ ቀኑን እንደገና ከጠዋት ጀምረሽ አብረሽው ተመለሺበት። ቢያንስ የተወሰኑትን ሰዎች ደግሞ ባልተከታተለ ሌላ ቀን ጠይቂያቸው። የአንድ ቀን መረጃ ልማድን አያሳይም።

ሞዴል ወዳድ፦ ሊኒየር ፕሮግራሚንግም ልመጂ፤ ገደቦችን እየጠበቀ ዝቅተኛውን ወጪ ወይም ልቀት የሚፈልግ የሒሳብ ዘዴ ነው። ኢኮኖሚስቱ ጆርጅ ስቲግለር እ.ኤ.አ. በ1945 ከ77 ምግቦች ለሰውነት የሚያስፈልጉትን ንጥረ ምግቦች በርካሽ የሚያሟላ ዝርዝር ፈልጎ ያገኘው ማንም በፈቃዱ የማይበላውን ነው። «ከለመዱት ብዙ አትራቅ» የሚል ገደብ ጨምሪበት።

ጠያቂዋ፦ እግዜር ይስጥልኝ! እንዲህ ባጠበውስ፦ ከ15 እስከ 49 ዓመት ያሉ ሴቶች በቂ ብረት እያገኙ የአመጋገባቸው ልቀት ምን ያህል ሊቀንስ ይችላል?

ቆጣሪው፦ አሁን ጥያቄ ሆነ። የተበላውን ብረት ብቻ ሳይሆን ሰውነት የሚመጥጠውን አስቢ። የሥጋው ብረት ከእህሉ በተሻለ ይመጠጣል፤ ይህን ከዘለልሽ ሞዴሉ ሥጋውን በሙሉ ቆርጦ «በቂ ነው» ይልሻል። አመጋገቡ የሚፈጀው ውሃና መሬት ለጊዜው ይቅሩ።