«ያልኖረበት አያውቀውም» ማለት ምን ማለት ነው?

የፒያሳው፦ ትናንት አንዱ «ሂንዱ ያልሆነ ሰው የሂንዱ ፍልስፍና ላስተምር አይበል፤ ያልኖረበት አያውቀውም» ብሎ ለጥፎ ላይክ ሲጎርፍለት አደረ። በዚህ ሂሳብ እ.ኤ.አ. በ2014 አሳታሚው ፔንግዊን ሕንድ በክስ ብዛት የአሜሪካዊቷን የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ምሁር የዌንዲ ዶኒገርን የሂንዱዎች ታሪክ ከገበያ አንስቶ ቀሪውን ኮፒ ለማጥፋት መስማማቱ ደግ አደረገ ልትሉን ነው?

የቆሎ ተማሪ፦ «አንዱ» አትበለኝ፣ እኔ ነኝ። ቬዳ፣ የሂንዱዎቹ ቅዱስ መጽሐፍ፣ በቃል የወረደ ነው። ልጁ መምህሩ ፊት ቁጭ ብሎ ቃሉን ወደፊትም ወደኋላም እያጠላለፈ ይቀጽላል፤ አንዲት ድምፅ እንዳትዛነፍ። ቺካጎ ቢሮ ውስጥ መዝገበ ቃላት ገልጠህ ታገኘዋለህ? ደሞ የኦክስፎርዱ የሳንስክሪት፣ ያ የጥንቱ የሕንድ ቋንቋ፣ የማስተማሪያ ወንበር በ1832 የተተከለው ኮሎኔል ቦደን ሕንዶችን ክርስቲያን ለማድረግ ይርዳ ብሎ በተናዘዘው ገንዘብ ነው።

የፒያሳው፦ ዶኒገር አይሁዳዊት ናት እኮ። ማንን ልታጠምቅ?

ፑኔ ነበርኩ፦ እኔ የተማርኩበት የሕንድ ከተማ፣ ፑኔ፣ ብሃንዳርካር የሚባል የምርምር ተቋም አለ። ማሃባራታ የሚባለውን የሕንዶች ታላቅ የግጥም ታሪክ ከ1,200 በላይ የእጅ ጽሑፎችን እያመሳከሩ ለማሳተም በ1919 የጀመሩትን በ1966 ጨረሱ። በ2004 መጀመሪያ ግን ግርግር ገብቶ መደርደሪያ ገለበጠ፣ ጽሑፍ ቀደደ። ጥፋታቸው? አንድ አሜሪካዊ ስለ ሺቫጂ፣ የዚያ አገር የጥንት ንጉሥ፣ በጻፈው መጽሐፍ ላይ አመሰገናቸው። የኖሩበትን ነው የመቱት!

የቆሎ ተማሪ፦ የወሮበላ ሥራ እኔ ላይ አትለጥፍ። ቅደዱ አላልኩም። ያልኖረበት አያስተምር ነው ያልኩት።

የፒያሳው፦ ትናንት «አያውቀውም»፣ ዛሬ «አያስተምር»። ነገ ደሞ «አያንብብ» በለን። ለማንኛውም የዚያን ማሃባራታ ሳብሃ ፓርቫ የሚባለውን ክፍል ያሰናዳው ፍራንክሊን ኤጀርተን አሜሪካዊ ነው። አምነው የሰጡት ሕንዶቹ ናቸው።

ቡና በጀበና፦ የቆሎ ተማሪ እውነቱን ነው። የኦክስፎርዱ ምሁር ማክስ ሙለር ሕንድን ሳይረግጥ ሪግቬዳን፣ ጥንታዊውን ቬዳ፣ አሳተመ። የእኛው ጀርመናዊ ሉዶልፍም ኢትዮጵያን ሳያይ የግእዝ ሰዋስው ጻፈልን። ሕንዶቹ ቢያማቸው አልፈርድባቸውም።

የቆሎ ተማሪ፦ ኑሪልኝ እህቴ!

ፑኔ ነበርኩ፦ ሉዶልፍ ኢትዮጵያዊውን አባ ጎርጎርዮስን አጠገቡ አስቀምጦ ከአፋቸው ነው የተማረው።

ቡና በጀበና፦ ታዲያ ሽፋኑ ላይ የማን ስም አለ?

ዝምታ ወርቅ፦ ጾም ላይ ሆናችሁ የጣዖት ትምህርት ታስተዋውቃላችሁ። አድሚን የለም እዚህ?

የፒያሳው፦ መጣ ደሞ።

ፑኔ ነበርኩ፦ የቆሎ ተማሪ፣ አንድ ነገር መልስልኝ። የሕንዱ ፖለቲከኛ አምቤድካር ሂንዱ ቤት ተወለደ፤ «አይነካም» ተብሎ ውሃ ተከልክሎ አደገ። ከዚህ በላይ መኖር አለ? በ1927 እሱና ተከታዮቹ ማኑስምሪቲ የሚባለውን የሂንዱ የሕግ መጽሐፍ በአደባባይ አቃጠሉት። እሱ ያስተምር?

የቆሎ ተማሪ፦ እሱ በ1956 ቡድሂስት ሆኗል። አይቆጠርም።

የፒያሳው፦ ሃሃሃ! ያልኖረበት አያስተምር፣ የኖረበትም ካኮረፈ አያስተምር። ወንበሩ ላይ ማን ሊቀመጥ ነው፣ አንተ?

የቆሎ ተማሪ፦ ስድብ ከጀመርክ በቃኝ። ደሞ ዶኒገር ሁሉን ነገር ወደ ወሲብ እንደምታዞር አንድም ሰው አላነሳም።

ቡና በጀበና፦ እኔም ስለ ሽፋኑ ጠይቄ መልስ አላገኘሁም፣ ፑኔ።