«አውሎ ነፋስ» ወይስ «ማዕበል»?

ወንድሜ፣ ትናንት «ሀሪኬንን፣ ያንን ከሞቀ ባሕር የሚነሣውን ግዙፍ የሚሽከረከር ነፋስ፣ በአማርኛ ምን እንበለው፣ አውሎ ነፋስ ወይስ ማዕበል?» ብለህ ጠይቀህ ነበር። ብዙዎቻችሁ «ሁለቱም ይሆናል» ብላችሁ አለፋችሁት። እኔ ግን አልስማማም።

ማዕበል የውሃ ነው። አውሎ የነፋስ ነው፣ ያውም የሚሽከረከር ነፋስ። ነሐሴ 1997 ዓ.ም. ካትሪና የተባለችው ሀሪኬን የአሜሪካዋን ኒው ኦርሊንስ ከተማ ስትመታ ጣሪያ የገነጠለው አውሎው ነው። የጎርፍ መከላከያውን ጥሶ አብዛኛውን ከተማ ውሃ ያስዋጠው ደግሞ ነፋሱ ከባሕር እየገፋ ያመጣው ማዕበል ነው። ዜናው ሁለቱንም «ማዕበል» ሲላቸው ሰው በምን እንደሞተ እንኳ አይገባንም።

«አውሎ» ይሻላል ካልን በኋላም አንድ ነገር ይቀረናል። እኔ አውሎን የማውቀው ከአውድማ ነው። በጥር ፀሐይ ድንገት ይነሣል፣ ገለባውን ጠምዝዞ ሽቅብ ይወስደዋል፣ ዓይናችንን አቧራ ይሞላዋል፣ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላው አጥሩ ጥግ ደርሶ ይጠፋል። እሱን የሚያስነሣው የጋለ መሬት ነው። ሀሪኬንን ግን የሚቀልበው ባሕሩ ነው። የባሕሩ ገጽ ሙቀት 26.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ካልደረሰ አብዛኛውን ጊዜ አይወለድም። ከሞቀው ባሕር እንፋሎት ይነሣል፣ እንፋሎቱ ላይ ወጥቶ ደመና ሲሆን ያዘለውን ሙቀት ይለቃል፣ አየሩ በዚያ ሙቀት የበለጠ ሽቅብ ይወጣል፣ ከሥር ደግሞ ሌላ እርጥብ አየር እየተሳበ ይገባል። የብስ ላይ ሲወጣ ቶሎ የሚደክመው ቀለቡ ስለሚቋረጥበት ነው።

የላይኛው ውሃ መሞቁ ብቻውን ደግሞ አይበቃም። ይሄን ልብ በሉልኝ። አውሎው እንደ ማማሰያ ባሕሩን ያማስለዋል። የሞቀው ውሃ ስስ ከሆነ ቀዝቃዛውን ከሥር ያወጣና የገዛ እሳቱን ያጠፋል። ሙቀቱ 50 ሜትርና ከዚያ በላይ ወደ ታች ከዘለቀ ግን ቢያማስል ቢያማስል የሚያገኘው ሙቅ ውሃ ነው። ካትሪናም የመጨረሻው የብርታት ደረጃ፣ አምስተኛው ላይ የወጣችው ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ እንዲህ ያለ ጥልቅ ሙቅ ውሃ ላይ ስታልፍ ነው። (ከላይ ያለው ነፋስ አቅጣጫና ፍጥነትም ወሳኝ ነው፣ አውሎውን ሊበትነው ይችላል። እሱን ለሌላ ቀን።)

ሩቅ አገር እንዳይመስላችሁ። ኅዳር 13 ቀን 2013 ዓ.ም. ጋቲ የሚባለው፣ እንዲሁ ከባሕር የተነሣ አውሎ፣ ሶማሊያን መታ። በሞቀ ባሕር ላይ 12 ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ ነፋሱ በሰዓት ከ65 ወደ 185 ኪሎ ሜትር ገደማ ዘለለ። እዚያ አገር ላይ ከተመዘገቡት ሁሉ የበረታው እሱ ነው። ያን ሰሞን ዜናው «ከባድ ነፋስ» ብቻ ካለ ሰሚው የሚያስበው የአውድማውን ነው።

ስለዚህ እኔ «የባሕር አውሎ» እላለሁ። ቀለቡ ከየት እንደሆነ ስሙ ይነግራል። «ወጀብ» ያልሽው እህቴ፣ ቃሉን እወደዋለሁ፣ ዝናብና ነፋስን አንድ ላይ ይይዛል። መሽከርከሩ ግን የለበትም። ወጀቡ የባሕር አውሎው የሚያመጣው ነው።

ጎጃምና ወሎ ያደጋችሁ፣ የአውድማውን አውሎ በሌላ ስም የምትጠሩት ካላችሁ ጻፉልኝ።