ቤዛዊትን «ባዶ ቤት ነው» ላላችሁ

ሽምብጥ፦ ትናንት እዚሁ ግሩፕ ላይ አንድ ወንድማችን «የቤዛዊት ቤተ መንግሥት ባዶ ቤት ነው፤ ለባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ይሰጥና የውጭ ተማሪዎች እየመጡ የሚማሩበት ማዕከል ይሁን፤ የእንግሊዙ ዋርዊክ ዩኒቨርሲቲ ቬኒስ ላይ በጥንት የመኳንንት ቤት ያስተምር የለ ወይ» ብሎ ጻፈ። ስንቱ ደግሞ ላይክ አደረገለት! እኔን እንቅልፍ ነው የነሳኝ። ባዶ ቤት ማለት ምን ማለት ነው? ጃንሆይ ያሠሩትን ቤት ሜዳ ላይ ወድቆ የተገኘ ዕቃ አስመሰላችሁት እኮ።

የፔዳ ምሩቅ፦ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ አሁንም እለዋለሁ። ልጅ ሆነን ኮረብታው ላይ ወጥተን ዓባይ ከጣና ሲወጣ እናያለን፣ ጉማሬ ብቅ ይል እንደሆነ እንጠብቃለን፣ ከዚያ እንመለሳለን። አጥሩ ጋ ስንጠጋ ጥበቃው «ካሜራህን ወደ ወንዙ አዙር» ይለን ነበር። ሰው የማይገባበት ቤት የዝናብ ሲሳይ ነው። አዲስ አበባ ስድስት ኪሎ ያለውን ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት እዩ! ጃንሆይ ራሳቸው ለዩኒቨርሲቲ ሰጡት፣ በ1954 ዓ.ም. ተማሪ ገባበት። ዛሬም የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም እዚያው ነው፤ የንጉሡ መኝታና መታጠቢያ ክፍል ሳይቀር ይጎበኛል። ፊት ለፊቱ ጣሊያን ለፋሺስት ዘመኑ ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ እርከን እያለ የተከለው ደረጃ ጫፍ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀምጦበታል። የካቲት 12 ቦምብ የተጣለበት ግቢ ተዘግቶ ቢቀር ኖሮ ይህን ማን ያየው ነበር?

ሽምብጥ፦ ገነተ ልዑል ለማን ተሰጠ? ለኢትዮጵያ ልጆች። አንተ የምትለው አንድ ሴሚስተር ቆይቶ ለሚሄድ ፈረንጅ ነው። የሰፈሩ ልጅ በአጥር እያየ ያደገበትን ቤት ሌላው ሻንጣውን እየጎተተ ሊገባበት? «ባዶ» ያልከውንም አልመለስክልኝም።

የፔዳ ምሩቅ፦ ጋሼ፣ ከአንድ አንቀጽ ውስጥ አንድ ቃል ይዘው ቀሩ። ሰው ስለማይገባበት ነው ባዶ ያልኩት፤ ዋጋ የለውም አላልኩም።

ሽምብጥ፦ ሰው እንዳይገባ ተደረገ እንጂ ባዶ አይደለም። ልዩነቱ ትልቅ ነው።

ዓባይ ማዶ፦ ምሳሌዎቹን በደንብ እንይ እንጂ። ዋርዊክ ቬኒስ ማስተማር የጀመረው በ1967 እ.ኤ.አ. ነው፤ የሚወስደውም የራሱን የታሪክና የሥነ ጥበብ ታሪክ ተማሪዎች ነው። ፍሎረንስ ያለውን ላ ፒየትራ የተባለ ቪላ ደግሞ ባለቤቱ ሃሮልድ አክተን ናቸው ለኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የተናዘዙለት፤ በ1994 እ.ኤ.አ. ሲሞቱ ቤቱም፣ አትክልቱም፣ የሥዕል ስብስቡም አለፈለት። ቤዛዊትን ማን ተናዘዘልን? የሕዝብ ንብረት ነው፤ ሕዝቡ ሳይጠየቅ ለዩኒቨርሲቲም ለሆቴልም አይሰጥም።

ጎርጎሬ፦ የጣና ዳር ታሪክ ለውጭ ተማሪ እናሳይ ካላችሁ ለምን 60 ዓመት ገደማ ለሆነው ቤት ትጣላላችሁ? እንፍራንዝ አጠገብ የዐፄ ሠርጸ ድንግል ግንብ ጉዛራ አለ። አሮጌ ጎርጎራ የሱስንዮስ ግንብ ፈርሶ ሣር በቅሎበታል። መጀመሪያ እሱ ይጠገን።

የፔዳ ምሩቅ፦ ፍርስራሽ ውስጥ ተማሪ አይቀመጥም ወንድሜ። ጉዛራ ይጠገን፣ ማን ጠላ? ግን ወሬያችን ስለ ባሕር ዳር ነው።

ጎርጎሬ፦ ሁሌም ባሕር ዳር ነው። ሐይቁ ለሁላችን ነው፣ በጀቱ ግን ሁሌ አንድ ዳርቻ ላይ ይቆማል።

የፖሊ ልጅ፦ ፔዳዎች፣ የመምህራን ኮሌጁ ልጆች፣ ቤተ መንግሥት መጠየቅ ከመቼ ጀመራችሁ? የእኛ ፖሊ፣ ፖሊቴክኒኩ፣ በሶቪየቶች እርዳታ በ1955 ሲከፈት ወርክሾፕ ነበር የያዘው፣ በዚያው ባለሙያ አወጣ። ሁለቱ በ1992 አንድ ዩኒቨርሲቲ ከሆኑ ወዲህም ገንዘብ የሚያስፈልገው ለላብራቶሪ ነው።

የፔዳ ምሩቅ፦ የጣናን ገዳማት ብራና በማሽን አታጠናውም። የታሪክና የግዕዝ ትምህርትም ቤት ይፈልጋል።

የደብረ ታቦር እናት፦ ልጆቼ፣ እኔ ግን የማይገባኝን ነው የምትጨቃጨቁት። ውጊያው ከተነሣበት ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ በዚህ ክልል ስንት ልጅ ከክፍል ውጭ ቀረ? የእኔ ልጅ አንዷ ናት። የሀገሬው ልጅ ደብተር ሳይዝ ውሎ ለውጭ ተማሪ ኮረብታ እንምረጥ? መንገዱ ሰላም ሳይሆን የትኛው ወላጅ ልጁን ይልካል?

ዓባይ ማዶ፦ እትዬ፣ እውነት ነው። ግን ሰላም ሲመጣ እንነጋገርበታለን ካልን፣ ያኔ አንድ ባለሀብት ቀድሞን ሪዞርት ያደርገዋል። አሁን መነጋገሩ ለዚህ ነው።

የደብረ ታቦር እናት፦ ሪዞርት እንዳይሆን እኔም እሟገታለሁ። ግን ቅድሚያው ይታወቅ።

የፔዳ ምሩቅ፦ ጋሼ ሽምብጥ፣ እሺ፣ ከፊሉ ሙዚየም ሆኖ ለከተማው ሰው ክፍት ይሁን፣ ከፊሉ መማሪያ። የእኛም የውጭም ልጅ አብሮ ይቀመጥበት። ይሄንንም ይቃወማሉ?

ሽምብጥ፦ ሙዚየሙን ማን ይቃወማል? ከፊሉ የምትለው ላይ ነው ጠቤ። ዛሬ ከፊሉ፣ ነገ ሙሉው። መጀመሪያ በሩ ለነዋሪው ይከፈት፣ ዓመት ይቆይ፣ ከዚያ ማዕከል በለኝ።

የፔዳ ምሩቅ፦ በዚያ ዓመት ጣሪያውን ማን ያድሳል? የጥበቃውንና የጠጋኙን ደሞዝ ማን ይከፍላል? ዩኒቨርሲቲ ካልገባበት ገንዘቡ ከየት ይመጣል?

ሽምብጥ፦ ከመግቢያ ክፍያ።

የፖሊ ልጅ፦ በመግቢያ ክፍያ ጣሪያ አይታደስም ጋሼ። ሒሳቡን ልሥራልዎት?

ሽምብጥ፦ ሥራው፣ እዚሁ ለጥፈው፣ እናየዋለን።